ታክስን በክሬዲት ካርድ መክፈል ያዋጣል? ቁጥሩን አብረን እንየው

ሾፌር_አሌክሳንድሪያ
ማርች 22፣ 2025

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። የ2024 ታክሴን ሰሞኑን አሠርቼ ለፌዴራል 6,000 ዶላር አለብህ ተባልኩ። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ አለ፣ እሱ አያሳስበኝም። አንዱ ጓደኛዬ «በክሬዲት ካርድ ክፈለው፣ በፖይንቱ አዲስ አበባ ደርሰህ ትመጣለህ» ይለኛል። ሌላው «የካርድ ኮሚሽኑ ይበላሃል፣ ከባንክህ በቀጥታ ክፈልና ተገላገል» ይላል። ሁለቱም ቁጥር አያሳዩኝም።

አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ) ክሬዲት ካርድ ይቀበላል? እንደ ካሽ አድቫንስ (በካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማውጣት) ተቆጥሮ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ይነሳብኛል? ያደረጋችሁት ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። ሰመር ላይ ልጆቹን ይዤ አገር ቤት መግባት አስቤያለሁ። የቲኬት ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ቆጣቢዋ_ሲልቨርስፕሪንግ
ማርች 22፣ 2025

ወንድሜ፣ እኔ በየዓመቱ በካርድ ነው የምከፍለው። ከቁጥሩ ልጀምር።

አይአርኤስ ራሱ ካርድ አይቀበልም። ክፍያውን የሚያስተናግዱለት ሁለት የግል ድርጅቶች አሉ፤ ፔይ 1040 እና ኤሲአይ ፔይመንትስ። በ2025 ለግል ክሬዲት ካርድ የመጀመሪያው 1.75 በመቶ፣ ሁለተኛው 1.85 በመቶ ያስከፍላል። ይሄ ገንዘብ የድርጅቶቹ ነው፣ ከታክስህ ላይ አይቀነስልህም። ስቴትመንትህ ላይም ታክሱ በአንድ መስመር፣ የአገልግሎት ክፍያው በሌላ መስመር ሆኖ ይመጣል። ካሽ አድቫንስ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ግዢ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ያንተን 6,000 እንየው። በ1.75 ሲሰላ የአገልግሎት ክፍያው 105 ዶላር ነው። ከካርድህ በጠቅላላ 6,105 ይወጣል። ካርድህ 1 በመቶ የሚመልስ ከሆነ 61 ዶላር ታገኛለህ፤ 44 ዶላር ከሰርህ። 1.5 በመቶ ከሆነ 91 ዶላር ከምናምን፤ አሁንም 13 ዶላር ጎደለህ። 2 በመቶ ከሆነ 122 ዶላር ይመጣና 17 ዶላር ታተርፋለህ። እኔ ለ17 ዶላር ብዬ አላደርገውም።

የማደርገው ለአዲስ ካርድ ቦነስ ነው። አዲስ ካርድ ስትከፍት «በ3 ወር ውስጥ ይህን ያህል ካወጣህ ይህን ያህል እንሰጥሃለን» ይሉሃል። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው ካርዶች ላይ 500 ዶላር ላወጣ ሰው 200 ዶላር መስጠት የተለመደ ነው። ያንን 500 በታክስ ብታወጣው የአገልግሎት ክፍያው 8 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ነው። ከፍ ያሉት ካርዶች ደግሞ 4,000 ወይም 5,000 ዶላር እንድታወጣ ይፈልጋሉ። አንድ ቤተሰብ በ3 ወር በግሮሰሪና በጋዝ ብቻ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ሰው ቦነሱ እንዳያመልጠው ብሎ የማያስፈልገውን ዕቃ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። ታክስ ግን የግድ የሚከፈል ነው። 5,000 ዶላር ታክስ በካርድ ስትከፍል 87 ዶላር ከ50 ያስወጣሃል። ቦነሱ 60,000 ፖይንት ነው እንበል፤ ወደ ጥሬ ገንዘብ ቢቀየር ብዙውን ጊዜ 600 ዶላር ነው። ዓመታዊው ክፍያ 95 ዶላር ቢሆን እንኳ ከ400 በላይ ይተርፍሃል።

አደራ፣ ታክስ በምትሠራበት ሶፍትዌር ውስጥ «በካርድ ክፈል» የሚለውን አትጫን። እዚያ ወደ 2.5 በመቶ ነው የሚያስከፍሉህ፤ በ6,000 ላይ 150 ዶላር ማለት ነው። ፋይል ካደረግህ በኋላ በአይአርኤስ ድረ ገጽ በኩል ወደ ክፍያ አስተናጋጆቹ ግባ። ካርዱ በፖስታ እስኪደርስህም ጊዜ ይወስዳል። ኤፕሪል 15 ቅርብ ነው፣ ዛሬ ነገ አትበል።

እውነቱን_እንነጋገር
ማርች 22፣ 2025

እህታችን ያለችው ቁጥር ትክክል ነው። ግን ይህን የሚያነብ ሁሉ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ የለውም። በ1099 ፎርም፣ ታክስ ሳይቆረጥበት የሚሠራ ብዙ ወገን ኤፕሪል ላይ ዱብ ዕዳ ይወርድበታል። «በካርድ ይከፈላል፣ ፖይንትም አለው» ሲባል ይሰማና ይከፍላል። ከዚያ በየወሩ ሚኒመም እየከፈለ ዓመት ይቀመጣል።

የካርድ ወለድ ዛሬ ብዙው ቦታ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 22 በመቶ ብንል በ6,000 ዶላር ላይ የአንድ ወር ወለድ 110 ዶላር ነው። ያ 17 ዶላር ትርፍ ገና አንድ ወር ሳይሞላ አለቀ።

ገንዘቡ የሌለው ሰው ከአይአርኤስ ጋር ራሱ የክፍያ ስምምነት ማድረግ ይችላል። በኦንላይን ነው፣ ማንም አያስፈልግህም። ወለዱ በ2025 በዓመት 7 በመቶ ነው። በላዩ ላይ ዘግይቶ ለመክፈል በወር 0.5 በመቶ ቅጣት አለ። በወቅቱ ፋይል ላደረገና ስምምነት ለገባ ሰው ቅጣቱ ወደ 0.25 ይወርዳል። ሲደመር በዓመት 10 በመቶ አካባቢ ነው። በ6,000 ላይ በመጀመሪያው ወር 50 ዶላር ገደማ፤ የካርዱ ወለድ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ180 ቀን ውስጥ ለሚጨርስ ሰው ደግሞ የማስጀመሪያ ክፍያ የለውም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ባትከፍሉም እንኳ ፋይል አድርጉ። አለመክፈል በወር 0.5 በመቶ ነው፣ ፋይል አለማድረግ ግን በወር 5 በመቶ ነው። ገንዘብ የለኝም ብሎ ፋይል ሳያደርግ የሚቀር ሰው ስንት አለ መሰላችሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

ኢብኑ_ደሴ
ማርች 22፣ 2025

ጥያቄ አለኝ። እኔ ወለድ ውስጥ ጨርሶ መግባት አልፈልግም፤ በእምነቴም አልፈልገውም። ካርድ የምይዘው ሙሉውን እየከፈልኩ ነው። ይህን ያህል ብር በካርድ ከፍዬ አንድም ቀን ወለድ እንዳይቆጠር ማረጋገጥ የምችለው እንዴት ነው?

ቆጣቢዋ_ሲልቨርስፕሪንግ
ማርች 23፣ 2025

ኢብኑ_ደሴ፣ በካርዱ ላይ ያደረ ዕዳ ከሌለህና የስቴትመንቱን ሙሉ ባላንስ እስከ መክፈያው ቀን ከከፈልክ ወለድ አይኖርም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዚያ ካርድ ላይ ካለፈው ወር የተንከባለለ ዕዳ ካለ የእፎይታ ጊዜው ይጠፋል። አዲሱ ግዢም ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ዕዳ ባለበት ካርድ ታክስ አትክፈሉ። እኔ ክፍያው ካርዱ ላይ እንደወረደ፣ መክፈያ ቀኑን ሳልጠብቅ፣ ከባንኬ ወዲያው እከፍለዋለሁ።

ሾፌር_አሌክሳንድሪያ
ማርች 23፣ 2025

በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። ዋናው ነገር ለኔ የአዲስ አበባ ቲኬት ነው። 60,000 ፖይንት በእውነት ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ይሆናል? ካርዶቹ ላይ የሱን ስም አላየሁም።

ማይል_ሰብሳቢ
ማርች 23፣ 2025

ይሆናል፣ መንገዱን ካወቅኸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ነው። ስለዚህ በሌሎች አባላት ማይል የሱን በረራ መቁረጥ ይቻላል። የቼዝ ባንክ ካርድ ፖይንት ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይዛወራል፤ ኤሮፕላን የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ነው። የአሜክስና የካፒታል ዋን ፖይንት ደግሞ ወደ ኤሮፕላንና ወደ አቪያንካ ላይፍማይልስ ይሄዳል። ከዚያ በነሱ ድረ ገጽ ላይ ከደላስ (የዋሽንግተኑ ኤርፖርት) አዲስ አበባ ብለህ ትፈልጋለህ። የኢትዮጵያ በረራ ካለ ይወጣልሃል።

አስተውል ግን። መጀመሪያ ወንበር መኖሩን አረጋግጥ፣ ከዚያ ፖይንቱን አዛውር። አንዴ ወደ አየር መንገዱ የሄደ ፖይንት ወደ ካርድህ አይመለስም። ወንበር ሳያዩ አዛውረው ማይላቸው ተቀምጦ የቀረባቸውን አውቃለሁ። አየር መንገዶች በማይል የሚለቁት ወንበር ጥቂት ነው። ሰመር ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ ለአንድ ሰው ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ በአንድ በረራ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ የምመክርህ አንድ ወይም ሁለት ቲኬት በማይል ቁረጥ፣ የቀረውን በገንዘብ። ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ ከሌለባችሁ ኦክቶበርና ፌብሩዋሪን ተመልከት። በማይል ስትቆርጥም የኤርፖርት ታክስና አንዳንድ ክፍያ ከኪስህ ይወጣል፤ ፍጹም ነፃ የሚባል ቲኬት የለም።

ወንበር ካጣህም አትጨነቅ። ፖይንቱን በጥሬ ገንዘብ ወስደህ ቲኬቱን ከፈለግኸው ኤጀንት ትገዛለህ። ለዚህ ነው በአንድ አየር መንገድ ስም ከተሠራ ካርድ ይልቅ ፖይንቱ ወደ ብዙ ቦታ የሚሄደውን የምወደው።

ታክስ_ሠሪ_ዳላስ
ማርች 23፣ 2025

ሥራዬ ታክስ መሥራት ነው፤ ከዚያ በኩል ያለውን ልጨምር።

ሾፌር_አሌክሳንድሪያ፣ ከካርዱ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ማይሌጅህን በደንብ መዝግበሃል? ለሥራ ለነዳኸው ከገቢህ የሚቀነሰው የ2024 ሂሳብ በማይል 67 ሳንቲም ነው። ኡበር የሚልክልህ ወረቀት ላይ ያለው ማይል ብዙውን ጊዜ ሙሉ አይደለም፤ ሰው ለመጫን የሄድክበትንና በመሀል የነዳኸውን ላያካትት ይችላል። መዝገቡ ካለህ 1,000 ማይል ተጨማሪ ማለት 670 ዶላር ከገቢህ ይቀነሳል። ከሚቀረው ትርፍ ላይ ነው 15.3 በመቶ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት (በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚጣል) ታክስና መደበኛው ታክስ የሚሰላው። 6,000 ወደ 5,500 ቢወርድልህ ከየትኛውም ካሽባክ ይበልጣል።

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ አይአርኤስ የካርድ ክፍያ ብዛት ላይ ገደብ አለው። የዓመቱን 1040 (የግል ታክስ ፎርም) ዕዳ ሁለት ጊዜ፣ የየሩብ ዓመቱን ኤስቲሜትድ (አስቀድሞ የሚከፈል) ታክስ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ 6,000 ዶላርን ለአምስት ካርድ አከፋፍላለሁ ብለህ አትነሳ።

ስትከፍል የሚመጣልህን ምርጫ በደንብ አንብብ። የ2024 ዕዳ ከሆነ የ2024ን 1040 ምረጥ። ለዘንድሮው ሥራህ አስቀድመህ የምትከፍለው ከሆነ 1040 ኢኤስ እና 2025 ምረጥ። ደንበኞቼ ላይ በየዓመቱ የማየው ችግር የዓመት ስህተት ነው። ገንዘቡ አይጠፋም፣ ግን ሌላ ዓመት ላይ ገብቶ ይቀመጥና ለዚህኛው «አልከፈልክም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በካርድ የተከፈለን ደግሞ መሰረዝ አይቻልም። ባልና ሚስት አብራችሁ ፋይል የምታደርጉ ከሆነ ፎርሙ ላይ መጀመሪያ የተጻፈውን ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አስገቡ።

የተከፈለበት ቀን ተብሎ የሚያዘው ካርዱ የፀደቀበት ቀን ነው። ኤፕሪል 15 ማታ ብትከፍልም በወቅቱ ነው። ቫውቸር በፖስታ መላክ አያስፈልግም። የማረጋገጫ ቁጥሩን ግን አስቀምጥ።

ሰው ሁልጊዜ ስለሚጠይቀኝ ደግሞ፦ ከፍለህ ወይም ገዝተህ ያገኘኸው ካሽባክና ፖይንት እንደ ዋጋ ቅናሽ ነው የሚቆጠረው፣ ገቢ ተብሎ ታክስ አይደረግም። ምንም ሳታወጣ የባንክ አካውንት ስለከፈትክ ብቻ የሚሰጥህ ቦነስ ግን 1099 ይመጣበታል። የካርዱን የአገልግሎት ክፍያ በግል ታክስህ ላይ መቀነስ አትችልም፤ ከ2018 ወዲህ ቀርቷል።

ትራከር_ሚኒሶታ
ማርች 23፣ 2025

እኔ ኤልኤልሲ አለኝ፣ የቢዝነስ ክሬዲት ካርድም አለኝ። ትልቅ ቦነስ የሚሰጡት የቢዝነስ ካርዶች ናቸው። በሱ መክፈል እችላለሁ?

ቆጣቢዋ_ሲልቨርስፕሪንግ
ማርች 23፣ 2025

ትችላለህ፣ ግን ዋጋው ይለያል። ለኮርፖሬትና ለቢዝነስ ካርዶች ሁለቱም ድርጅቶች ወደ 3 በመቶ ነው የሚጠይቁት፤ አንዱ 2.89፣ ሌላው 2.95። 10,000 ዶላር ብትከፍል 290 ዶላር አካባቢ ይሄዳል። 2 በመቶ ካርድ ይዘህ ይሄን ብታደርግ ክስረት ነው። ቦነሱ ትልቅ ከሆነና ሌላ የምታወጣበት ከሌለህ ብቻ አስላው። የካርድ ቁጥርህን ስታስገባ ክፍያው ከመጽደቁ በፊት ይታይሃል። እዚያ ላይ ቆም ብለህ አንብብ። አንተ ግን ለጭነት መኪናህ ዲዝል፣ ጎማና ጥገና የምታወጣው ቀላል አይደለም። የቢዝነስ ካርዱን ቦነስ በዚያ ሙላው፣ ታክሱን ለግል ካርድ ተወው።

ትራከር_ሚኒሶታ
ማርች 23፣ 2025

ልክ ነሽ፤ ዲዝል ብቻውን ይሞላዋል። አመሰግናለሁ እህቴ።

ነርሷ_ዴንቨር
ማርች 24፣ 2025

እውነቱን_እንነጋገር ያለው ላይ ትንሽ ልከራከር። ገንዘብ ለሌለው ሰው ሁልጊዜ የአይአርኤስ ስምምነት ይሻላል ማለት አይቻልም። አዲስ ሲከፈቱ ለ15 ወር 0 በመቶ ወለድ የሚሰጡ ካርዶች አሉ። በዚያ ብትከፍል 105 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው የምታወጣው። በየወሩ 400 ዶላር ብትከፍል በ15 ወር 6,000 ያልቃል። ይህንኑ በአይአርኤስ ስምምነት በዓመት 10 በመቶ ሂሳብ በየወሩ ከዋናው ላይ 400 እየቀነስክ ብትሄድ በ15 ወር የምትከፍለው ወለድና ቅጣት 400 ዶላር አካባቢ ይሆናል። የረጅም ጊዜ ስምምነት ማስጀመሪያም አለው፤ ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ካደረግህ በኦንላይን 22 ዶላር ነው። ልዩነቱ 300 ዶላር ገደማ ነው። ላንዳንድ ቤተሰብ ይሄ የወር አስቤዛ ነው።

እውነቱን_እንነጋገር
ማርች 24፣ 2025

ነርሷ፣ ሂሳቡ ላይ አልከራከርሽም፤ ትክክል ነው። የምፈራው ሰውየውን ነው። 0 በመቶ ነው ብሎ የወሰደ ሰው አንድ ክፍያ ካሳለፈ ያንን ዕድል ሊያጣ ይችላል። 15 ወሩ ሲያልቅ የቀረው ዕዳ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ይነሳል። ካርዱም ክፍት ነው፤ ዕቃ ይገዛበታል። ከአይአርኤስ ጋር የገባ ስምምነት ቢያንስ ሌላ ዕቃ አያስገዛም።

ነርሷ_ዴንቨር
ማርች 24፣ 2025

ይሄን እቀበላለሁ። ስለዚህ እንዲህ እንበል፦ ካርዱን ለታክሱ ብቻ ይክፈተው፣ 400 ዶላሩ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ ያድርግ፣ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ቤት ያስቀምጠው። ገቢው በየወሩ የሚዋዥቅበት ሰው፣ 400 የማይችልበት ወር የሚመጣበት ሰው ግን አንተ ያልከውን ያድርግ።

እናት_አትላንታ
ማርች 24፣ 2025

እኔ ሌላ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ታክስ ይሠራልኝ የነበረ ሰው «ገንዘቡን ለኔ ስጪኝ፣ እኔ በካርዴ እከፍልልሻለሁ» ብሎኝ ጥሬ ገንዘብ ሰጠሁት። ወራት ቆይቶ ከአይአርኤስ ደብዳቤ መጣ። ምንም አልተከፈለም ነበር። ቅጣትና ወለድ ጨምሬ እንደገና ከፈልኩ። ገንዘቡን እስካሁን አልመለሰልኝም። የአገሬ ልጅ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።

ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው የሚከፈለው የሠራበትን ብቻ ነው። የታክሱን ገንዘብ ማንም በእጁ መቀበል የለበትም። በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ካርድ ወይም ባንክ ክፈሉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ክፈሉ።

ታክስ_ሠሪ_ዳላስ
ማርች 24፣ 2025

እናቴ፣ የደረሰብዎት በጣም ያሳዝናል። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ይህን ሥራ የምሠራ ሰው ሆኜ ነው የምለው። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የራስዎን አካውንት ከፍተው የተከፈለውን ሁሉ ማየት ይችላሉ። በካርድ የተከፈለ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይታያል። ካልታየ ይጠይቁ።

ሌሎቻችሁም፣ በቴሌግራም ወይም በቴክስት በሚመጣ ሊንክ ገብታችሁ ታክስ አትክፈሉ። የአይአርኤስን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉና ከዚያ ወደ ክፍያ አስተናጋጆቹ ሂዱ። ደውሎ «አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። አይአርኤስ መጀመሪያ ደብዳቤ ነው የሚልከው።

ቤት_ገዢ_ሜሪላንድ
ማርች 25፣ 2025

እኔና ባለቤቴ ሜይ ላይ ለቤት ብድር ልናመለክት ነው። ታክሳችን 7,000 አካባቢ ነው። ይሄ ነገር ክሬዲት ስኮራችንን ይነካል?

ነርሷ_ዴንቨር
ማርች 25፣ 2025

ይነካል፤ ለናንተ ዘንድሮ ይቅር። የካርዱ ሊሚት 8,000 ቢሆንና 7,000 ብትጭኑበት፣ ስቴትመንቱ ሲዘጋ ባንኩ ሊሚታችሁን እንዳለቀ አድርጎ ሪፖርት ያደርጋል። ስኮር ይወርዳል። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ብትከፍሉት ይህን ማስቀረት ይቻላል። አዲስ ካርድ መክፈት ግን ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፣ የብድር ሰዎቹም ማብራሪያ ይጠይቋችኋል። በቤት ብድር ላይ የወለድ ሩብ በመቶ ልዩነት ለ30 ዓመት ነው የምትከፍሉት። ከባንካችሁ በአይአርኤስ ዳይሬክት ፔይ በነፃ ክፈሉና ቤታችሁን ግዙ። እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ያብቃን።

ቬጋስ_ሰራተኛ
ማርች 26፣ 2025

እኔ ደብሊው ቱ (ደሞዝተኛ) ነኝ፤ ታክሴ ከደሞዜ ይቆረጣል። ደብሊው ፎር ቀይሬ እንዳይቆረጥብኝ ባደርግ፣ ከዚያ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሙሉውን በካርድ ከፍዬ ቦነስ ብይዝስ? ወይም ከሚገባኝ በላይ በካርድ ከፍዬ ሪፈንድ ብጠይቅ?

ታክስ_ሠሪ_ዳላስ
ማርች 26፣ 2025

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተወው።

ታክስ ዓመቱን ሙሉ እየተከፈለ መሄድ አለበት ነው ሕጉ። መጨረሻ ላይ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ካለብህ፣ በወቅቱ አልከፈልክም ተብለህ ልትቀጣ ትችላለህ። ከዚህ የሚያድንህ የዘንድሮውን 90 በመቶ ወይም ያምናውን 100 በመቶ በጊዜው መክፈል ነው። ያምና ገቢህ ከ150,000 ዶላር በላይ ከሆነ 110 በመቶ ይሆናል። ትንሽ ማስተካከል ትችላለህ፤ ሙሉ በሙሉ ብታስቆም ግን ቅጣቱ ከቦነሱ በላይ ሊመጣ ይችላል። ከደሞዝ የተቆረጠ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ነው የሚቆጠረው። ይህን ጥቅም በከንቱ አትጣ።

ከሚገባህ በላይ መክፈል ደግሞ፣ የአገልግሎት ክፍያው አይመለስልህም። ሪፈንዱ ፋይል እስክታደርግ አይመጣም፣ የካርዱ ሂሳብ ግን በወሩ ይጠየቃል። ካርድ ሰጪዎቹም አላግባብ ተጠቅሟል ያሉትን ሰው ቦነስ የመውሰድ መብት በውላቸው ውስጥ አላቸው።

ይህ ነገር በእርግጥ የሚያመቸው እንደ ሾፌር_አሌክሳንድሪያ በ1099 ለሚሠሩ ነው። የኤስቲሜትድ መክፈያ ቀኖቹ ለ2025 ታክስ ኤፕሪል 15፣ ጁን 16፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15፣ 2026 ናቸው። ጁን 15 እሁድ ስለዋለ ነው ወደ ሰኞ የተዛወረው። በየሩብ ዓመቱ የሚከፈለውን ካወቅክ የካርድ ቦነስህን በዚያ ልክ ማቀድ ትችላለህ። በተለያየ ስም ካርድ መክፈትም ይቻላል፤ አንዴ ባልየው፣ አንዴ ሚስትየዋ። ገንዘቡ ግን በየሳምንቱ ከገቢህ ላይ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

ሾፌር_አሌክሳንድሪያ
ማርች 27፣ 2025

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማይሌጄን ደግሜ ሳይ ያልተቆጠረ ነበር፤ ታክሱን እንደገና ሊሠራልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ካርዱንም አመልክቼ ፀድቆልኛል፤ 4,000 ዶላሩን በሱ፣ የቀረውን ከባንክ በቀጥታ እከፍላለሁ። የመጀመሪያውን ኤስቲሜትድም ከኤፕሪል 15 በፊት እጀምራለሁ። ማይል_ሰብሳቢ፣ ወንበሩን ለኦክቶበር ነው የማየው፤ እኔ ብቻዬን እናቴን ጠይቄ እመጣለሁ፣ ልጆቹ በሚቀጥለው ሰመር።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ የስቴቱ ነው። ለቨርጂኒያም 900 ዶላር አለብኝ። ያንንም በካርድ ላድርገው?

ቆጣቢዋ_ሲልቨርስፕሪንግ
ማርች 27፣ 2025

የስቴት ታክስ በየስቴቱ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከፌዴራሉ የበለጠ ነው የሚያስከፍሉት። ከማጽደቅህ በፊት ክፍያው ይታይሃል፤ ከ2 በመቶ በላይ ካየህ ዘግተህ ውጣና ከባንክህ በነፃ ክፈል። የቦነሱን መጠን በፌዴራሉ ከሞላኸው ስቴቱን በካርድ የምታደርግበት ምክንያት የለም።

ታክስ_ሠሪ_ዳላስ
ማርች 27፣ 2025

ትክክል ብላለች። ደግሞ የቨርጂኒያ ስቴት ታክስ ቀኑ ኤፕሪል 15 አይደለም፣ ሜይ 1 ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ግን ኤፕሪል 15 ነው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ለ900 ዶላሩ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ አለህ፤ መጀመሪያ የፌዴራሉን ጨርስ። ታክሱ እንደገና ሲሠራ የስቴቱም ሊቀንስልህ ስለሚችል አዲሱ ወረቀት በእጅህ ሳይገባ አትክፈል።